የዶንጎላው ዳዊት የእኛ ዐፄ ዳዊት አይደለም

ሰሞኑን በአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ አሮጌዋ ዶንጎላ ነው፤ በሰሜን ሱዳን በናይል ምሥራቃዊ ዳርቻ ስላለችው፣ የፖላንድ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከ1964 ጀምሮ ሲያጠኗት ስለኖሩት የመካከለኛው ዘመን ከተማ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። ብዕራቸው ግን ስል ነው፤ አንባቢውን ይዘው እስከ መጨረሻው መስመር ይዘልቃሉ። የእኔ ጥያቄ ይዘውት የሚደርሱበትን ቦታ በተመለከተ ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። በ2023 ዶንጎላ ውስጥ በግድግዳ ላይ ተሥሎ የተገኘው «ንጉሥ ዳዊት» ግማደ መስቀሉን ያስመጡት የኢትዮጵያው ዐፄ ዳዊት ናቸው፤ ስለዚህም ከተማዋ የኢትዮጵያ ግዛት ነበረች። ዓረቦች በ1317 የከተማዋን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ወደ መስጊድ በለወጡበት ቀን ዶንጎላ ጠፋች። ቆፋሪዎቹ ወርቁን ደብቀው ለዓለም የሚያሳዩት የጭቃ ቤት ፍርስራሽ ብቻ ነው። ከተማዋን ለአሸዋ የዳረጋት ደግሞ ነገሥታቶቻችን የዓባይን ውኃ መመለሳቸው ነው። በመጨረሻም ነገሥታቶቻችን ዶንጎላ ለምትገኝባት ለኑቢያ ክርስቲያኖች ምንጊዜም ጋሻና መከታ ነበሩ ይላል። ዶንጎላ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ በዓረብ ሰይፍ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በውኃ ጥም እንደሞተች አንባቢ ልብ ይሏል። ለማንኛውም አንድ በአንድ እንየው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሥዕሉ ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና። ባለሙያዎቹ በፉንጅ ሱልጣኔት ዘመን፣ ማለትም ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ፣ የተሠሩ መኖሪያ ቤቶችን በማጥናት ላይ ነበሩ። ከአንዱ ቤት ወለል ሥር ወደ ጠባብ ክፍል የሚያስገባ ቀዳዳ አገኙ። ክፍሉ ባልተተኮሰ የጭቃ ጡብ የተሠራና ውስጡ በሥዕል የተሞላ ነው። በዋናው ሥዕል ላይ አንድ ንጉሥ ጎንበስ ብሎ በደመና ላይ የተቀመጠውን የክርስቶስን እጅ ይሳለማል። ቅዱስ ሚካኤል ክንፎቹን ዘርግቶ ሁለቱንም ይጋርዳል፤ ንጉሡንም ይደግፈዋል። በጎን ግድግዳ ላይ እመቤታችን ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ መስቀልና መጽሐፍ ይዛ ቆማለች። ከእርሷ ትይዩ ክርስቶስ ቀኝ እጁን ለቡራኬ አንሥቷል።

በኑቢያ ሥዕል ቅዱሳን ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብለው፣ ፊት ለፊት እያዩ ይሣላሉ። ንጉሥ ሲሣል ጠባቂ ቅዱሱ ከኋላው ቆሞ እጁን ትከሻው ላይ ያሳርፍበታል። ንጉሥ በጌታ እጅ ላይ የተደፋበት፣ መልአክም የሚያቅፈው እንዲህ ያለ ትዕይንት ግን በኑቢያ ሥዕል ከዚህ በፊት ታይቶ አያውቅም። የሚካኤልን ድርሳን እየሰማና የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ እያየ ያደገ ሰው ይህን ሥዕል አይቶ «ይሄማ የእኛ ነው» ቢል አልፈርድበትም። የእኔም ልብ በመጀመሪያ የሄደው ወደዚያ ነበር። ልብ የሄደበትን ሁሉ ታሪክ አድርጎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ግድግዳው ራሱ የሚናገረው አለ። ከሥዕሎቹ ጋር የተጻፉት ጽሑፎች በግሪክኛና በጥንታዊ ኑቢያኛ ናቸው። ግሪክኛው ከቅዳሴ ሥርዓት የተወሰደ ነው። ከዋናው ሥዕል ጋር ያለውን፣ ለማንበብ እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን ጽሑፍ ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ ንባባቸው በኑቢያኛ የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። በዚህ ጽሑፍ ዳዊት የተባለ ንጉሥ ስም ደጋግሞ ይነሣል፤ እግዚአብሔር ከተማይቱን እንዲጠብቅም ልመና ይቀርባል። እንግዲህ ንጉሡ በኑቢያውያን ቋንቋ የተጻፈለት፣ ለዚህችው ከተማ የተጸለየለት ሰው ነው። አንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከግዛቱ ውጭ ባለ የወንዝ ዳር ከተማ፣ በሌላ ሕዝብ ቋንቋ፣ ስለ ሌላ ሕዝብ ከተማ የሚለምንበት ምክንያት ምንድን ነው? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አላነሡትም።

የዘመን ቆጠራው ደግሞ ክርክር የሚያሻው አይደለም። የእኛ ዐፄ ዳዊት የነገሡት ከ1380ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1410ዎቹ መጀመሪያ ነው። ማኩሪያ ማለት ዋና ከተማዋ ዶንጎላ የነበረች የኑቢያ ክርስቲያናዊት መንግሥት ናት፤ የነገሥታቷ ቤተ መንግሥት ደግሞ በ1365 ገደማ በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ዶንጎላን ለቆ ወደ ሰሜን ሄዷል። ዐፄ ዳዊት ዙፋን ላይ ሲወጡ በዶንጎላ ንጉሥ ከጠፋ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ዳዊት ማን ነው? የዓረብ ታሪክ ጸሐፊዎች በደንብ ያውቁታል፤ እርሱን ለመጥላት በቂ ምክንያት ነበራቸውና። ዳዊት የማኩሪያ ንጉሥ ነበር። በ1272 ገደማ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለችውን የዐይዛብን ወደብ ወረረ። ዐይዛብ የንግድ መርከቦችና ወደ መካ የሚሄዱ ተጓዦች የሚመላለሱባት ወደብ ነበረች። የግብፁ የማምሉክ ሱልጣን ቤይባርስ በ1276 ጦሩን ወደ ኑቢያ ላከ። ከጦሩ ጋር ሸከንዳ የተባለ፣ ዙፋኑን የሚመኝ የንጉሡ ዘመድ አብሮ ተጉዟል። ዶንጎላ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዘች፤ ተዘረፈችም። ዳዊት ወደ ደቡብ ቢሸሽም በዚያ የሚገኘው የአል-አብዋብ አገር ገዥ ይዞ ለሱልጣኑ አሳልፎ ሰጠው። ሕይወቱም በግብፅ በእስር ላይ አለፈ። ከቁፋሮው ቡድን የተሰማው ግምት ሥዕሉ የማምሉክ ጦር በሚቃረብበት ወይም ከተማዋን በከበበበት ሰዓት ተሥሎ ይሆናል የሚል ነው። ግምት መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል። ከተማይቱን ጠብቅ የሚለው ልመና ግን በዚህ ዓይን ሲነበብ ይከብዳል።

በነገራችን ላይ፣ ጸሐፊው የኢትዮጵያን ስም ከዚህ ታሪክ ጋር ማያያዝ ከፈለጉ አንድ እውነተኛ ክር ነበረላቸው። ዳዊት ከቤይባርስ ጋር በሚዋጋበት በዚያው ሰሞን፣ በ1274 ገደማ፣ የእኛው ዐፄ ይኩኖ አምላክ ለዚያው ለቤይባርስ ደብዳቤ ጽፈው ጳጳስ እንዲላክላቸው ይለምኑ ነበር። አንዱ የክርስቲያን ንጉሥ የሱልጣኑን ወደብ ሲወር ሌላው ሱልጣኑን ደጅ ይጠና ነበር። እንዲህ ያለው ታሪክ የአንድ ግዛት ታሪክ አይደለም፤ የሁለት መንግሥታት፣ የሁለት ፖለቲካ ታሪክ ነው። ሁለቱ ዳዊቶች ሞክሼዎች ናቸው፤ ከዚህ ያለፈ ዝምድና የላቸውም። በመዝሙረ ዳዊት በሚጸልይ አገር ሁሉ ዳዊት የሚባል ንጉሥ አይታጣም፤ ጆርጂያም ነበራት።

ከዚሁ ጋር አንድ ትንሽ ነገር። ጽሑፉ «የዶንጎላው ሥዕል» ብሎ ያያዘው ፎቶግራፍ የዶንጎላ አይደለም። ጣቷን ከከንፈሯ ላይ ያደረገችው ያቺ ሴት ቅድስት ሐና ናት፤ የተገኘችው በፋራስ ካቴድራል ነው፤ ያለችው ደግሞ በዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ፋራስ ዛሬ በአስዋን ግድብ ምክንያት በተፈጠረው ሐይቅ ሥር ናት። ሥዕሉም ከዳዊት ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ጸሐፊው ፎቶግራፉን ቢቀይሩት መልካም ነው።

ወደ 1317 እንምጣ። «ዓረቦች ታላቁን ቤተ ክርስቲያን መስጊድ ባደረጉበት ቀን ከተማዋ ጠፋች» በሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስሕተት አለ።

አንደኛው ሕንፃውን የሚመለከት ነው። በዶንጎላ አለታማ ኮረብታ ላይ እስከ ዛሬ የቆመው ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። የነገሥታቱ የዙፋን አዳራሽ ነው። የተሠራው በ9ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ንጉሡ እንግዳ የሚቀበልበት አዳራሽ ከላይ ነበር፤ ወደዚያ የሚያወጣ ትልቅ ደረጃም አለው። ቀደም ሲል የመጡ አጥኚዎች በእርግጥ ቤተ ክርስቲያን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጸሐፊው የሚደግሙት ያንን አሮጌ አስተያየት ነው። ፖላንዳውያኑ ሕንፃውን ከሥር ከመሠረቱ ካጠኑ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የዶንጎላ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን፣ በጽሑፎች «የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን» የሚባለው፣ ካቴድራሉም ሳይሆን አይቀርም የሚባለው፣ ሌላ ቦታ ነው። የዳዊት ሥዕል የተገኘበት ሕንፃ ከእርሱ ጎን ተጣብቆ ይገኛል።

ሁለተኛው ስሕተት «ዓረቦች» የሚለው ነው። የዙፋኑ አዳራሽ መስጊድ መሆኑን የሚናገረው የድንጋይ ጽሑፍ የተጻፈው በግንቦት 1317 ነው። ይህን ያደረገው ሰይፍ አልዲን ዐብደላህ ይባላል፤ በኑቢያ ስሙ በርሸምቡ ይታወቃል። በግብፅ ኖሮ የሰለመ፣ በማምሉክ ጦር ድጋፍ የነገሠ የንጉሣዊው ቤት ልጅ ነው። የዙፋን መብቱም የዳዊት የእኅት ልጅ ከመሆኑ ይመነጫል። በኑቢያ ዙፋን ከአጎት ወደ እኅት ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ መውረዱን የለመደ የእኛ አንባቢ ይህን ሳያውቅ የኑቢያን የሥልጣን ትግል መከተል አይችልም። እንግዲህ ለውጡን ያመጣው ባዕድ ጦር ብቻ አይደለም፤ የቤተ መንግሥቱ የራሱ የውስጥ ጠብም ነው። ዐብደላህም ብዙ አልገፋበትም፤ ከንዝ አልደውላ የተባለው ባላንጣው ገደለውና ዙፋኑን ወሰደ።

ሦስተኛውና ትልቁ ስሕተት «ጠፋች» የሚለው ቃል ነው። ዶንጎላ በ1276 ተዘርፋ አልጠፋችም። በ1280ዎቹ ሸማሙን የሚባል ንጉሥ የማምሉክ ጦር በመጣ ቁጥር እየሸሸ፣ ጦሩ ወንዙን ይዞ ሲመለስ እርሱም ተመልሶ ዙፋኑ ላይ እየወጣ ሱልጣኑን አሰልችቶት ነበር። በ1317ም አልጠፋችም፤ ቤተ መንግሥቱ ከዚያ በኋላም ለግማሽ መቶ ዓመት ገደማ እዚያው ነበር። ነገሥታቱ ወደ ሰሜን ከሄዱ በኋላም ክርስቲያናዊው መንግሥት በጠባቡ ግዛቱ መኖሩን ቀጥሏል። በ1964 በሰሜን ኑቢያ ባለችው በቀስር ኢብሪም ምሽግ የተገኘው የጳጳስ ጢሞቴዎስ አስከሬን የተቀበረው ከሹመት ደብዳቤዎቹ ጋር ነበር። ደብዳቤዎቹ በቅብጥና በዐረብኛ የተጻፉ ጥቅሎች ናቸው፤ ዓመቱ 1372 ነው። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1484፣ ዮኤል የተባለ፣ ዶታዎ የሚባለው የኑቢያ ክርስቲያናዊ መንግሥት ንጉሥ ስም አሁንም በኑቢያኛ ሰነድ ላይ ይገኛል።

ከተማይቱስ? እዚህ ላይ ጸሐፊውን በራሳቸው ሜዳ የሚያገኛቸው ምስክር አለ። በ1698 ከካይሮ ተነሥቶ የተጓዘ ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር፤ ፖንሴ ይባላል። የሚሄደው ጎንደር ነው፤ ታላቁን ዐፄ ኢያሱን ሊያክም። መንገዱ በዶንጎላና በሴናር በኩል ነበር። ስለ ዶንጎላም ጽፏል፤ ቤቶቿ በደንብ ያልተሠሩ፣ መንገዶቿ ገሚሱ ሰው የራቃቸውና የአሸዋ ክምር የሞላባቸው፣ በመካከሏ ሰፊ ቤተ መንግሥት ያላት ከተማ መሆኗን ይነግረናል። ደከም ያለች፣ ግን ሰው የሚኖርባት፣ ገዥ ያላት ከተማ። የዐፄ ኢያሱ ሐኪም ያለፈባት ከተማ ከዚያ ወደ አራት መቶ ዓመት በፊት ልትጠፋ አትችልም።

ይህን ስል በ14ኛው መቶ ዘመን ከባድ ውድቀት አልደረሰባትም ማለቴ አይደለም። በ1200 ገደማ የተጻፈ የአንድ ግብፃዊ ክርስቲያን መግለጫ ዶንጎላን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ ትልልቅ ቤቶችና ሰፋፊ መንገዶች ያሏት፣ የንጉሡ ቤትም በቀይ ጡብ የተሠሩ ጉልላቶች ያሉት ከተማ አድርጎ ይስላታል። ፖንሴ ካየው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ግን መሞት ሌላ፣ መለወጥ ሌላ። የቀድሞዎቹ ፍርስራሾች ላይ አዳዲስ ቤቶች ተሠሩ፤ የክርስቲያን ከተማ ቀስ በቀስ የእስላም ከተማ ሆነች፤ ኑቢያኛ ተናጋሪው ሕዝብም በዚያው በወንዙ ዳር ኖረ። በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ሁሉ ዕድሜ በአንድ ቀን ነው የደመሰሱት።

«ቆፋሪዎቹ የጭቃ ቤት ብቻ ያሳዩናል፤ ወርቁ የት ሄደ?» ለሚለው መልሱ ከላይ ካየነው ጋር የተያያዘ ነው። በአርቱር ኦብሉስኪ የሚመራው ቡድን ከ2018 ጀምሮ ሆን ብሎ ያተኮረው ከማኩሪያ ውድቀት በኋላ በነበረችው ከተማ ላይ ነው። ድሮ ይህን ላይ ላዩን ያለ ንብርብር አጥኚዎች ቶሎ አልፈውት ወደ ክርስቲያኑ ዘመን ለመድረስ ይቸኩሉ ነበር። አሁን ግን ጓዳው፣ ምድጃው፣ የቤቱ ግቢ ሁሉ በየተራ ይጠናል። ከየቤቱ የሚወጣው ዶካ የሚባለው የሸክላ ምጣድ ስብርባሪ ነው፤ ሱዳናውያን ዛሬም ኪስራ የሚጋግሩበት። በወረቀት ላይ በዐረብኛ የተጻፉ ሰነዶችም ተገኝተዋል። ወርቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ ቆሻሻ ሊመስል ይችላል። የዳዊት ሥዕል ግን የተገኘው ከነዚሁ ከተናቁት ቤቶች የአንዱን ወለል በማጥናት መሆኑን ጸሐፊው አይርሱት። ቤቱን ንቀው አልፈውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ሥዕል አይኖርም ነበር።

ክፍሉ ራሱ ገና ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነው። ሲያዩት የምድር ውስጥ መቃብር ይመስላል፤ ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን ከነበረው የመሬት ወለል 7 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ባለሙያዎቹ እዚያ ውስጥ ያደረጉት ሥራ ደግሞ ከወርቅ ፍለጋ ጋር ምንም አይገናኝም። ለዘመናት ሰርጎ በገባው የዝናብ ውኃ ልስኑ ተፍረክርኮ ነበር፤ ገጹ አቧራና ጨው ለብሶ ነበር። የጥገና ባለሙያዎች በዚያች ጠባብና ሙቀታም ክፍል ውስጥ ሆነው ልስኑን ከግድግዳው ጋር አጣበቁ፤ ጨዉንም በጥንቃቄ አጸዱ። ሥዕሉ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ወርቅን በተመለከተ ደግሞ ማኩሪያ የራሷን ገንዘብ አልቀረጸችም። ዶንጎላ ለዓለም ያበረከተችው የሚነበብ ሀብት ነው። በ1993 የተገኘውን የሊቀ ጳጳስ ጊዮርጊስን መቃብር ይውሰዱ። በ1113 በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ያረፉት እኚህ አባት የተቀበሩበት የምድር ቤት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በግሪክኛና በቅብጥ ጽሑፍ የተሞላ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን አንድ የኑቢያ ገዳም ውስጥ ምን ይነበብ፣ ምን ይጸለይ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

ስለ ቅርስ መዘረፍ የጸሐፊው ስጋት ግን ከንቱ አይደለም፤ አቅጣጫውን ነው የሳቱት። የፋራስ ሥዕሎች በዋርሶና በካርቱም መካከል የተከፋፈሉት አካባቢው በውኃ ከመዋጡ በፊት በተደረገ ዓለም አቀፍ የማዳን ዘመቻ፣ በሱዳን መንግሥት ፈቃድ ነው። ክፍፍሉ ተገቢ ነበር ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ካርቱምን ካነደደ በኋላ ግን የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ያን ያደረገው መሣሪያ የታጠቀ እጅ ነው። ለዶንጎላ የሚቆረቆር ሰው የሚጮኸው ለዚህ መሆን ነበረበት። በጽሑፉ ውስጥ ግን ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የለም።

ዓባይን የመመለሱ ወሬ ረጅም መልስ አይፈልግም። ዐፄ ዐምደ ጽዮን በ1320ዎቹ ወደ ካይሮ መልእክተኛ ልከው፣ የክርስቲያኖችን ስደት ካላቆማችሁ የናይልን ውኃ እመልሳለሁ ብለው መዛታቸው በግብፅ ታሪክ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። ዛቻው በግብፅ ፍርሃት፣ በአውሮፓ ተስፋ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖረ። መዛት ግን ማድረግ አይደለም። የዓባይን ሸለቆ ጥልቀት ያየ ሰው በዚያ ዘመን መሣሪያ ውኃውን ወደ ሌላ አቅጣጫ መምራት ምን ያህል የማይታሰብ እንደሆነ ይገባዋል። ደግሞም ዶንጎላ ያለችው ዓባይና ነጭ ናይል ካርቱም ላይ ከተገናኙ፣ ተከዜም በአትባራ ስም ከገባ በኋላ ነው። የሦስቱም ውኃ በደጇ ያልፋል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንዲሉ፣ ወንዙ ለሚቆም ሰው አይቆምም። ከተማይቱን የሸፈናት አሸዋ ነው፤ ፖንሴም ያየው አሸዋውን ነው። ወንዙ ደግሞ ዛሬም በሥሯ ይፈስሳል።

አሁን የመጨረሻው ነጥብ፣ «ጋሻና መከታ» የሚለው። ኢትዮጵያና ኑቢያ አልተገናኙም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ዐፄ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ኖባዎችን ስለመውጋታቸው ያስጻፉት ጽሑፍ አለ። በ10ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ደግሞ፣ እኛ ዮዲት ብለን የምናውቃት ንግሥት ሀገሪቱን ባጠፋችበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ እርዳታ የጠየቁት ከኑቢያው ንጉሥ ከጊዮርጊስ ነበር። ከእስክንድርያ ፓትርያርክ ጋር ተቃቅረው ጳጳስ ካጡ ቆይተዋልና ያማልዷቸው ዘንድ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ጊዮርጊስም ለፓትርያርክ ፊላታዎስ ጻፉ፤ አቡነ ዳንኤልም ተላኩ። ልብ በሉ፣ በዚህ ታሪክ መከታ የሆነችው ኑቢያ ናት፤ ደጅ የጠናነው እኛ ነን። ጸሐፊው ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ከሚሹት ታሪክ ጋር ስላልገጠመላቸው ሳይተዉት አልቀሩም።

አምስት መቶ ዓመት ገደማ አልፎ ነገሩ ተገለበጠ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሳለ ስድስት የኑቢያ መልእክተኞች መጡ። ሀገራቸው ዙሪያውን በጦርነት ስለተዘጋች ጳጳሳቸው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ካህናትም አልቀዋል። የመጡት ቄሶችና መነኮሳት እንዲሰጧቸው ለመለመን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ እምቢ አሉ። የራሴን ጳጳስ የማገኘው ከእስክንድርያ ፓትርያርክ፣ እርሱም በእስላሞች አገር ካለው ነው፤ ሌላ የሚሰጠኝን እኔ ለሌላ እንዴት እሰጣለሁ አሉ። በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ዓይን መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ለሚለምነው ሰው ግን መከታ አይባልም። መልእክተኞቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ልብነ ድንግል ዳዊት ተብለውም ይጠራሉ። ጸሐፊው «ዐፄ ዳዊትና ኑቢያ» በሚል ርእስ ሌላ ጽሑፍ መጻፍ ካሰቡ በሰነድ የተደገፈው ታሪክ ይሄኛው ነው፤ ከስድስቱ መልእክተኞች ጥያቄና ከተሰጣቸው መልስ ቢጀምሩ እኔም ከአንባቢዎቻቸው አንዱ እሆናለሁ።